የሁለቱ እረኞች ሽንፈትና የሆሊውድ ይሉኝታ

የድሮው ቪዲዮ ቤት (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም የአገር ልጆች። ቅዳሜ ጠባሴ ሰፈር ቡና ይዘን ተቀምጠን አንዱ ልጅ፣ «ኦስካር እኮ ድሮ ቀረ። አሁን የተመሳሳይ ጾታ ነገር ጣል ያደረገበት ሁሉ እየወሰደው ነው» አለ። ጠረጴዛው ሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ቤቴ ስገባ ነው የተናደድኩት፣ በራሴ። ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ እያወቅኩ ምን ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ እዚህ የሰው ፊት አይታይም።

በ1998 ዓ.ም. ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ፣ መግቢያ 1 ብር። ፊልም የምናመጣው ከመርካቶ ነው፣ የምንመርጠውም በሽፋኑ። ከአንዱ ጉዞ ካመጣኋቸው ዲስኮች ባንዱ ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ወንዶች፣ ከኋላቸው ተራራ። ሰሌዳው ላይ «ኃይለኛ የካውቦይ ፊልም» ብዬ ጻፍኩ። ቤቱ ሞላ። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ተኩስ ይጠብቃል። ፊልሙ ግን በግ ነው። በግ ይወጣል፣ በግ ይወርዳል። «ጋሼ ጥይቱ የታለ?» ይሉኛል። «ይመጣል፣ ታገሡ» እላለሁ፤ እኔም አላየሁትማ። ከዚያ ሁለቱ ድንኳን ውስጥ አብረው የሚያድሩበት ነገር መጣ። ቤቱ ለሁለት ሰከንድ ያህል ጭጭ አለ፤ ከዚያ አንዱ ጮኸ፣ ሁሉም ተከተለው። እኔ ሮጬ ቆጣሪው ጋ ነበርኩ። አወረድኩት። «መብራት ሄደ!» አልኩ። በደብረ ብርሃን ለዚህ ነገር ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ብራቸውን መለስኩላቸው፣ ወጡ።

ማታ ድምፁን ቀንሼ ብቻዬን ጨረስኩት። አንዱ ከሞተ በኋላ ሌላው ወደ ሟች ወላጆች ቤት ይሄድና በልጅነት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ ያገኛል። የጠፋበት የራሱ ሸሚዝ በሟቹ ሸሚዝ ውስጥ ገብቶ በአንድ ማንጠልጠያ ተሰቅሏል። ሰውየው ምንም አይናገርም፣ ያሸተዋል ብቻ። ሃይማኖቴን አልለወጠውም፤ እንቅልፌን ግን ነሳኝ።

እንግዲህ ወደ ሽልማቱ። ይህ ፊልም፣ ብሮክባክ ማውንቴን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ ወሰደ። ጎልደን ግሎብን፣ የእንግሊዞቹን ባፍታ፣ የዳይሬክተሮቹንና የፕሮዲውሰሮቹን ማኅበር ሽልማት ሁሉ ጠራርጎ ነው ኦስካር የደረሰው፤ 8 ዕጩነት ይዞ። ባለሙያ ሁሉ አለቀ ደቀቀ ብሎ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 27 ቀን 1998 ሰኞ ንጋት ላይ ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን ፖስታውን ከፈተና «ክራሽ» አለ። የራሱ ቅንድብ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። ለበጎቹ ፊልም ዳይሬክተሩ አንግ ሊ ወሰደ፣ የተውሶ ታሪክ የፊልም ጽሑፉና ሙዚቃው ተሸለሙ፤ ትልቁ ቀረ። ክራሽ በሎስ አንጀለስ ስላለ የዘር ጥላቻ የሚያወራ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ፖል ሃጊስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓመቱ ምርጥ ፊልም የእኔ ነበር ብዬ አላስብም ብሏል።

የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ፖለቲካል ኮሬክትነስ የሚባለውን እኛ ከጥንትም እናውቀዋለን፣ ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታ ደግሞ ሁለት ስለት አለው። ያኔ አንዳንድ መራጮች የእረኞቹን ፊልም ለማየት እንኳ ከብዷቸዋል። ነባሮቹ ተዋናዮች ኧርነስት ቦርግናይንና ቶኒ ከርቲስ አናየውም ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ያልተናገሩት ግን ጠባብ እንዳይባሉ ሌላ ጨዋ ምክንያት አስፈለጋቸው፤ ዘረኝነትን የሚያወግዝ ፊልም አገኙ። ይሉኝታን በይሉኝታ ገደሉት። ስለዚህ «ያን ነገር ካስገባህ ትሸለማለህ» የምትሉ፣ ቢያንስ ይህችን አንድ ሌሊት አስረዱኝ።

---

ጣርማበር ነፋስ (ደብረ ሲና)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

ጋሼ መብራት ሄደ ያሉት ገደለኝ 😂 እኛም ሰፈር እንዲህ ያደረገን ሰው ነበር፣ ለካ ምክንያት ነበረው።

ግን አንድ ሌሊት ይዘው ዘመኑን ሁሉ አይከራከሩ። 20 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሙንላይት አልወሰደም? መጀመሪያ ላ ላ ላንድ ብለው ጠሩ፣ ሰዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው እያመሰገኑ «ተሳስተናል፣ ሙንላይት ነው» አሉ። በዓለም ፊት! ይህ መሳሳት ነው እንዴ? ከጀርባ የሆነ ሰው ስልክ ደውሏል ነው የምለው።

---

አንኮበር በሲያትል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

@ጣርማበር ነፋስ ስልክ የደወለ የለም ወንድሜ። ፖስታ ነው የተቀያየረው። ለእያንዳንዱ ሽልማት ሁለት ሁለት ፖስታ ይዘጋጃል፣ አንዱ በመድረኩ ግራ አንዱ በቀኝ። አሸናፊውን ሊጠራ ለወጣው ተዋናይ ለዋረን ቢቲ የተሰጠው ቀደም ብሎ የተጠራው የምርጥ ሴት ተዋናይት ሁለተኛ ቅጂ ነበር፤ በላዩ «ኤማ ስቶን፣ ላ ላ ላንድ» ይላል። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ዝም ሲል አብራው የቆመችው ፌይ ዳናዌይ የፊልሙን ስም አይታ ጠራችው። በቃ ይኸው ነው።

ይልቅ ስለ አመራረጡ ልንገራችሁ፤ ማንም የማያወራው እሱን ነው። ጋሼ ባነሱት ዓመት ለምርጥ ፊልም የሚወዳደሩት 5 ነበሩ፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ድምፅ በአምስት ሲበተን ከአምስት እጅ አንዱን ትንሽ ያለፈ ፊልም ሊወስደው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ግን ዕጩዎቹ በዙ፣ ሕጉም ተለወጠ። መራጩ አንድ ብሎ፣ ሁለት ብሎ፣ ሦስት ብሎ በደረጃ ይጽፋል። ዝቅተኛው ፊልም ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ እስኪገኝ ድረስ።

የእድር ዳኛ ስንመርጥ እንደሚሆነው አስቡት። ሁለት ኃይለኛ ሰዎች ይፋለጡና ማንም የማይጠላው ሦስተኛው ይሾማል። እና ሙንላይት ያሸነፈው በዚህ ሕግ ነው። ጥቂት ጯሂዎች ብቻቸውን ሊያነግሡት አይችሉም፤ አንደኛ ያላደረጉትም ሁለተኛ ሦስተኛ ብለውታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ዋናው ገጸ ባሕሪ ጌይ የሆነበት ፊልም ትልቁን ሽልማት ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ነው የተጻፈው። በ89ኛው ሥነ ሥርዓት። 88 ዓመት የጠበቀን ሰው «ሁልጊዜ ይወስዳሉ» አይባልም መቼም።

---

መምህርት ዘ. (ሸዋ ሮቢት)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙና ተዋናዩ ለየብቻ ይታዩ።

ትልቁን ሽልማት ሲከለክሉ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ ለተጫወተ ተዋናይ ግን የትወናውን በደስታ ነው የሚሰጡት። ቶም ሃንክስ በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1994 ወሰደ። ከእሱ በፊት ዊልያም ኸርት በ1986። ሂላሪ ስዋንክ በ2000። ሾን ፔን በሚልክ በ2009። ጃሬድ ሌቶ በ2014። ጋሼ ባነሱት ሌሊት እንኳ ምርጥ ወንድ ተዋናይ የሆነው ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን ነው፤ ጌይ የነበረውን ደራሲ ትሩማን ካፖቲን ሆኖ የተጫወተው! በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሌሊት።

አሁን እነዚህን ገጸ ባሕርያት ተመልከቷቸው። የሃንክስ በኤድስ ይሞታል። የኸርት ይገደላል። የስዋንክ ይገደላል። የፔን ይገደላል። የሌቶ ይሞታል። በበጎቹ ፊልምም አንዱ ይሞታል። እኔ ተማሪዎቼን የአማርኛ ልብ ወለድ ሳስተምር «ከመስመር የወጣችዋ ሴት መጨረሻ ላይ ምን ትሆናለች?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሳያነቡት «ትሞታለች» ይሉኛል። ያው ነው። ሆሊውድም ይቅር ለማለት መጀመሪያ ይቀብራል።

ደግሞ ያን የበጎቹን ፊልም እኔ በትርጉም ነው ያየሁት። ተርጓሚው በላዩ እየተናገረ ሁለቱን የአንድ እናት ልጆች አደረጋቸው። ድንኳኑ ተቆርጧል። «ወንድምዬ፣ ናፍቆትህ ገደለኝ» ሲሉ አለቀስኩ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ነው እውነቱን የነገሩኝ።

---

የድሮው ቪዲዮ ቤት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

መምህርት፣ እኔ ብርሃኑን አጠፋሁት፣ እሱ ቋንቋውን። የሙያ ባልደረባዬ ነው ማለት ነው።

---

ሰላ ድንጋይ (መሪጌታ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፍህን አነበብኩት፣ ቁም ነገር አለው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። «የተመሳሳይ ጾታ ነገር» ትላለህ። አበው ስም አውጥተውለታል፤ ግብረ ሰዶም ይባላል። አንተ ስሙን ለመጥራት ከፈራህ ይሉኝታው ያለው ሆሊውድ ነው ወይስ ጠባሴ?

ሁለተኛው፣ «የሸለሙት ጥበቡን እንጂ ነገሩን አይደለም» የሚል ሰው አለ፤ ይህ አይዋጥልኝም። ቅኔ ቤት ስንቀመጥ መምህራችን የአንዱን ተማሪ ቅኔ «ይበል!» ካሉ፣ በማግስቱ ሃያው ተማሪ በዚያው መንገድ ይቆጥራል። ቤቱ የመታ፣ ምሥጢሩ ግን የተጣመመ ቅኔ ሲመጣ ዜማው አምሯል ብለው አያልፉም፤ ያርማሉ። ሽልማት ትምህርት ነው። ሸላሚውም የሸለመውን ያስተማረ ነው። ይህን ከካዳችሁ የመምህርትን ነጥብ ራሱ ታፈርሱታላችሁ፤ እሷ እኮ ሽልማቱ «ይሙቱ» ብሎ ያስተምራል ነው ያለችን።

---

አልፎ ሂያጅ77
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:22

[ይህ አስተያየት በአወያዩ ተነሥቷል]

---

አወያይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

ሁለት አስተያየት አነሣሁ። እዚህ ቤት ፊልም ይሰደባል፣ ሰው አይሰደብም። «ሊንክ ላኩልኝ» የምትሉም ተዉ።

---

የድሮው ቪዲዮ ቤት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:05

መሪጌታ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ጥያቄዎ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው፣ ቀጥ አድርጌ ልመልስ።

አዎ፣ ይሉኝታ አለብኝ፣ ይህን ውይይት የጀመርኩትም ይህንኑ አምኜ ነው። ቃሉን ያልጻፍኩት ግን የፊልሙን የዋዮሚንግ እረኞች እንዳላስቀይም አይደለም። ይህን ማን እንደሚያነበው ስለማላውቅ ነው። ያን ቀን ቆጣሪውን ሳወርድ ሁሉም ሲጮህ አንድ ያልጮኸ ልጅ ነበር፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ። ሲወጡ አንድ አንድ ብር ስመልስ እጁን አልዘረጋም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ አልፎኝ ሄደ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ምናልባት አንድ ብር ንቆ ይሆናል። ግን ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ሰው መሐል ለመጥራት አፌ እሺ አይለኝም።

ስለ ቅኔው የተናገሩት ልክ ነው፣ መልስ የለኝም። አስብበታለሁ።

---

ጣርማበር ነፋስ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

እሺ፣ የድሮው ይቅር። አሁን ግን ሕግ አውጥተዋል አይደል? ያን ነገር ያላስገባ ፊልም ለኦስካር አይቀርብም የሚል። ይህንንም ይሉኝታ ነው ልትሉኝ ነው? ይሄ እኮ መመሪያ ነው፣ የቀበሌ።

---

አንኮበር በሲያትል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

ሕጉ አለ። የምትለው ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ተከታትሎ፣ ለትወና የታጩት 20ውም ሰዎች ነጮች ሆኑ። ጫጫታ ተነሣ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አዳዲስ አባላት ጋበዘ፤ ሴቶች፣ ጥቁሮች፣ ከውጭ አገር። ከዚያ በ2020 መስፈርት አወጣ፤ ተፈጻሚ የሆነው በ2024ቱ ሽልማት፣ ለምርጥ ፊልም ብቻ። አራት መስፈርት አለ፦ በተዋናዮችና በታሪኩ፣ በፈጠራ አመራሩና በሠራተኛው፣ ለጀማሪዎች በሚሰጥ የሥራ ልምምድ፣ በማስታወቂያና በሥርጭት ክፍሉ። ከአራቱ ሁለቱን ያሟላ ያልፋል። የሚቆጠሩት ደግሞ ሴቶች፣ ከነጭ ውጭ የሆኑ ዘሮች፣ ጌይና ሌዝቢያን የመሳሰሉት፣ አካል ጉዳተኞች ናቸው። ማለትም የፊልሙ ታሪክ ውስጥ አንድም እንዲህ ያለ ሰው ሳይኖር፣ በቢሮው ያሉት ሴቶችና ልምምድ ላይ ያሉት ወጣቶች ያሳልፉታል። መስፈርቱ በተጀመረበት ዓመት ማን አሸነፈ? ኦፐንሃይመር። የአቶም ቦምብ፣ ባርኔጣና ሲጋራ።

እኔ ሕጉን አልወደውም፣ ግን በአንተ ምክንያት አይደለም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ቅጹን ሞልተው ያልፋሉ፤ ምንም አልተነኩም። እዚህ በምሠራበት መሥሪያ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ስለ እኩልነት ሥልጠና ይሰጠናል። ኮምፒውተር ላይ ነው፤ «ቀጥል» «ቀጥል» እያልክ ትጫናለህ፣ የምስክር ወረቀት ይወጣል። አለቃዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን አስተካክሎ ጠርቶኝ አያውቅም። የምስክር ወረቀቱ ግን አለው።

---

ጣርማበር ነፋስ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:31

😂😂 እሺ ይሄኛው ገባኝ። ኤሚሊያ ፔሬዝስ፣ ጾታውን ስለቀየረው የሜክሲኮ ዕፅ ነጋዴ የሚያወራው? 13 ዕጩነት! እሱ ፊልም ነው?

---

መምህርት ዘ.
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:00 (በዕረፍት ሰዓት)

13 ታጭቶ ስንት ወሰደ? 2። ዞዊ ሳልዳኛና ዘፈኑ። ትልቁን አኖራ ወሰደው። ሜክሲኮዎቹ ራሳቸው አገራችንን አላወቃትም ብለው የተቆጡበት ፊልም ነው፣ ከወዲያም ከወዲህም ተወቅጧል። እኔም አልወደድኩትም። ግን ልብ በል፣ ዕጩነት እንደ ሰርግ ጥሪ ነው፤ እንዳይቀየሙ ብለህ ትጠራለህ። ድግሱ ላይ ማንን ከፍ ካለው ወንበር እንደምታስቀምጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

---

ጀማሪ ካሜራ (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

ታላላቆቼ፣ እኔ ገና የምማር ልጅ ነኝ፣ አጭር ፊልም እሞክራለሁ። አሜሪካን ብቻ ስታወሩ ጎረቤታችንን ዘለላችሁት።

ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2018 ራፊኪ የሚባል ፊልም ሠራች፤ ሁለት ልጃገረዶች ይዋደዳሉ፣ አባቶቻቸው የምርጫ ተፎካካሪዎች ናቸው። ካን ፌስቲቫል ላይ የቀረበ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ነው። አገሩ ላይ ግን ታገደ። አሁን የመምህርትን ነገር ስሙ፦ ዳይሬክተሯ እንደተናገረችው የአገሪቱ የፊልም ቦርድ መጨረሻውን እንድትቀይር ነበር የጠየቃት፤ ተስፋ አለበት፣ ጸጸት የለበትም ተባለ። ቢሞቱ ኖሮ ሳያልፍ አይቀርም ነበር።

ያኔ ለኦስካር የውጭ ፊልም ዘርፍ ለመቅረብ ደግሞ ፊልሙ በአገሩ ሲኒማ ቢያንስ ለ7 ተከታታይ ቀን መታየት ነበረበት፤ ከአንድ አገርም የሚላከው አንድ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛዋ እገዳውን ለ7 ቀን አነሡላት። ለ7 ቀን! ናይሮቢ ትኬት አለቀ። በመጨረሻ ግን የአገሪቱ መራጭ ኮሚቴ ሌላ ፊልም ላከ፤ በጠና የታመመች ትንሽ ልጅ ታሪክ። እሱም ጥሩ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። ግን ጋሼ ያሉት «ጨዋ ምክንያት» ትዝ አለኝ።

የእኛንም ልናገር? ባለፈው ዓመት አንድ የአጭር ፊልም ውድድር ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ፊልሜ 9 ደቂቃ ነው፤ አንድ አባት ከልጁ ጋር ባቄላ እየፈለፈሉ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ልጁ ትምህርት ማቋረጡን ሊነግረው ይፈልጋል፣ ሳይነግረው ባቄላው ያልቃል። ዳኛው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ሥራህ ንጹሕ ነው። ግን አስተማሪ አይደለም።» አንደኛ የወጣው ስለ ሱስ አስከፊነት ነው። ድምፁ አይሰማም፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ ሱሰኛው ተንበርክኮ ለካሜራው ምክር ይሰጣል። አስተማሪ ነው!

እና እኔ የምለው፣ «አስተማሪ» የሚለው የእኛ ፖለቲካል ኮሬክትነስ ነው። ሆሊውድ ርዕሱን አይቶ ይሸልማል ብለን እንስቃለን፤ እኛም ርዕሱን አይተን ነው የምንሸልመው። ርዕሱ ይለያያል እንጂ።

ስለዚያኛው ጉዳይ ፊልም ትሠራለህ ወይ ብትሉኝ አልሠራም። ድርጊቱ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተከለከለ ነው፣ ቤተሰብም አለኝ። ግን የማይሠራው ፊልም ስንት ነው? የያሬድ ዘለቀ ላምብ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ድረስ የሄደ የእኛው ፊልም ነው። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል፣ አጎትየው ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል ብሎ ይቆጣል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ግን «ይሄ ልጅ ምንድነው?» ብሎ እየተቁነጠነጠ ነው የጨረሰው። ወጥ ነው እኮ!

---

ሰላ ድንጋይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:00

ልጄ፣ ያ የባቄላ ፊልም የት ይገኛል? ማየት እፈልጋለሁ።

«አስተማሪ» ላይ ያልከው ነካኝ፤ ትናንት «ሽልማት ትምህርት ነው» ያልኩ እኔ ነኝና። ልመልስልህ። ትምህርት ነው ማለቴን አልተውኩም። ግን ተንበርክኮ ለካሜራው የሚመክረው ሰው ቅኔ ቤት ቢመጣ «ይበል» አይባልም። ሰሙን ትቶ ወርቁን ሜዳ ላይ ያሰጣ ቅኔ፣ ወርቁ ትክክል ቢሆንም፣ ቅኔ አይደለም፤ ስብከት ነው። ስብከትም በቦታው። ዳኞችህ ይህን ማወቅ ነበረባቸው።

ጋሼ፣ ስለዚያ ልጅ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በትምህርቴ የማምነውን አላነሣም፣ ቃሉንም አላነሣም። ድምፄን ግን ዝቅ አድርጌዋለሁ።

---

ከጓሳ ማዶ (መሐል ሜዳ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ስለ ኦስካር የማውቀው የለኝም። ፊልሙን ግን አዲስ አበባ ስማር ዶርም ውስጥ አይቼዋለሁ። እናንተ ሁላችሁም ድንኳኑን ታወራላችሁ። እኔ ተወልጄ እስከ 14 ዓመቴ እረኛ ነበርኩ፣ ያየሁት በጉን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሠሪው ሲቀጥራቸው ውሉን ይነግራቸዋል፦ አንዱ ሰፈር ላይ ያበስላል፣ አንዱ ማታ ማታ ከበጎቹ ጋር ያድራል፣ እሳት አይነድም። አውሬ አለ። መንዝ ብርዱን በበርኖስ እንችለዋለን፤ ያለ እሳት ከበግ ጋር ማደር ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጆሮህ አይተኛም። ጅብ ሩቅ ሲሆን በጉ ይፋጠጣል፣ ሲቀርብ ይጠጋጋል፤ በጨለማ በትንፋሹ ታውቀዋለህ። እና ያን ሌሊት፣ ጋሼ መብራት ያጠፉበትን፣ በጎቹ ጋ ማንም አልነበረም። ጠዋት አንዱ ፈረሱን ጭኖ ሲወጣ አንዲት በግ ሆዷ ተዘርግፎ ያገኛል። አውሬ ነው። ቆሞ ያያታል፣ ምንም አይልም። ይህች በግ ለምን እንደሞተች ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ሌላው ተመልካች ይህን ያልፈዋል፤ እኔ ግን ሆዴ ነው የተንቦጫቦጨው፣ አባቴ ሲቆጥር ታየኝ።

ቀጥሎ አሠሪው ከሩቅ በመነጽር ያያቸዋል። ያየውን ያኔ አይናገርም። በጉ ከተራራ ሲወርድ ይቆጥርና ቁጥሩ ደስ አላለኝም ይላል። በዓመቱ አንደኛው ሥራ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው የሚያባርረው፤ ያኔም በጉን ያነሣል፣ በጎቹን ለውሻ ጥላችሁ ብሎ።

ጋሼ ያሉት ይሉኝታ ለኔ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሽልማት ሰጪዎችም በመነጽር አይተዋል። ያዩትን መናገር ከበዳቸው። «ፊልሙ ዘገየ፣ ተራራው በዛ፣ ያኛው ይሻላል» አሉ። በበግ አሳበቡ። ደግሞ ክፋቱ፣ በጓ እውነትም ሞታለች። ፊልሙ እውነትም ይዘገያል። ስለዚህ ዋሽታችኋል ልትላቸው አትችልም።

---

አንኮበር በሲያትል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ይህን ያህል ዓመት ስለዚያ ሌሊት የተጻፈ አንብቤአለሁ። የበጓን ነገር ያነሣ አላየሁም።

---

ጣርማበር ነፋስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

እኔ አሁንም ዘንድሮ ዘንድሮ የሚበዙት ለሽልማት ተብለው ነው ባይ ነኝ። ግን «ሁሉ ይወስዳል» የሚለውን ትቻለሁ። 88 ዓመት ያሉት አሳፈረኝ።

---

የድሮው ቪዲዮ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

@ከጓሳ ማዶ አንድ ነገር ጠይቄህ ልተኛ። ፊልሙ ላይ በጎቹ ከሌላ መንጋ ጋር ይቀላቀሉና መለየት መከራ ይሆንባቸዋል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ? ዓመታት አስቤዋለሁ፣ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።

---

ከጓሳ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ጆሮው ላይ ምልክት አለ፣ ግን እሱን እያየህ ብትለይ ይመሻል። ሁለቱም እረኞች ገለል ይላሉ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። ሁለቱም ይጣራሉ። በግ የጠባቂውን ድምፅ ያውቃል፣ መንጋው ራሱ ከመሐል ይሰነጠቃል። አንድ ሁለት ግን ሁልጊዜ ተሳስቶ ይሄዳል። ማታ በረት ላይ ስትቆጥር ታገኘዋለህ። ጠዋት ይዘህ ትሄዳለህ፣ የእነሱም እረኛ የአንተን ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ።

---

የድሮው ቪዲዮ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ከወረድክ ጠባሴ ና፣ ቡናው በኔ ነው። ጀማሪ ካሜራ፣ አንተም የባቄላህን ፊልም በፍላሽ ይዘህ ና። መሪጌታም ከመጡ እናየዋለን።

---

ጀማሪ ካሜራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:01

እሺ ጋሼ። ቆጣሪው ጋ የሚቀመጠው ግን እኔ ነኝ።